እንግዳ ሕፃንን ስለ መቀበል

የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ማስገባት ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። እግሩ ይታጠባል፤ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፤ መደብ ይነጠፍለታል፤ ሲነጋም መርቆ ይሄዳል። እንዲህ ያለው እንግዳ የደረሰ ሰው ስለ ሆነ የራበው እንደ ሆነ ራበኝ ይላል፤ የከፋው እንደ ሆነም የከፋበትን ምክንያት ያውቀዋል። ዳሩ ግን እንግዳው የአራት ወይም የአምስት ዓመት ሕፃን የሆነ እንደ ሆነ፣ የመጣውም ጦርነት አሳዶት እንደ ሆነ፣ ቋንቋውንም የማናውቀው እንደ ሆነ፣ ምግብና መኝታ መስጠት ብቻውን ተቀበልነው አያሰኝም። እንዲህ ያለ ሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ነገር ጊዜ ነው። ለሰው ጊዜን መስጠት ደግሞ ዳቦ ከመስጠት ይልቅ ይከብዳል። ይህን ለመማር እኔ ስድሳ ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል። እናንተ ወጣቶች ነገ አባትና እናት፣ መምህርና ሞግዚት የምትሆኑ ናችሁና፣ እኔ ዘግይቼ የተማርሁትን እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት በማለት ይህን ጻፍሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። የተወለድሁት በወለጋ ገጠር ነው። በ1958 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ በበቅሎ አፈናጥጦ ወደ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወሰደኝና በአዳሪነት አስገባኝ። በዚያን ጊዜ የማውቀው ቋንቋ ኦሮምኛ ብቻ ነበር፤ ትምህርቱ የሚሰጠው ግን በአማርኛ ነበር፤ የሚሲዮኑ ሴቶች ደግሞ እርስ በርሳቸው ሌላ ቋንቋ ይናገሩ ነበር። መምህራኖቼ ክፉዎች አልነበሩም። ልብስ ሰጡኝ፤ ፀጉሬን አጠቡልኝ፤ ፊደል አስቈጠሩኝ፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት «ስምሽ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ነገሩ ስላልገባኝ ዝም አልሁ፤ እነርሱም ጆሮዋ አይሰማም ብለው ጠረጠሩ። በመዝገቡ ላይም ስሜ ተሳስቶ ተጻፈ። ያን የተሳሳተ ስም እየተጠራሁበት አራት ዓመት ኖርሁ።

በዚያ ቤት ልቤን ያሳረፈችው አንዲት ወጥ ቤት ናት። እርሷም ኦሮምኛ አታውቅም ነበር። ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ታስቀምጠኝና የምትለቅመውን ምስር ከፍላ በትንሽ ሰፌድ ከፊቴ ታደርግልኝ ነበር። አትጠይቀኝም፤ አታባብለኝም፤ ዝም ብለን አብረን ምስር እንለቅማለን። ጠጠር ባገኘች ቍጥር «ጠጠር» እያለች ትጥል ነበር። በየማታው ያው በርጩማ፣ ያው ሰፌድ፣ ያችው ሴት ነበሩ። ከብዙ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቃል ከአፌ ያወጣሁት በእርሷ ፊት ነው፤ ቃሉም «ጠጠር» የሚል ነበር።

ከዚህ በኋላ ተምሬ በመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቅሁና መምህርት ሆንሁ። የእንግድነትን መራራነት የቀመሰ ሰው ለሌላው እንግዳ ይራራል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም ስለ ራሴ እንዲሁ አስብ ነበር፤ ነገር ግን አልሆነም። በ1977 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ እያነሣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ሌሎችም ቦታዎች አሠፈረ። እኔ በማስተምርበት አካባቢም ሠፈራ ስለ ነበረ በ1978 ዓ.ም. ከወሎ የመጡ ልጆች ወደ ክፍሌ ገቡ። ወሰን ተሻግረው የመጡ የባዕድ አገር ስደተኞች አልነበሩም፤ ከቀያቸውና ከዘመዶቻቸው ግን ተለይተው ነበር።

ከእነርሱ መካከል ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ነበር። ለልጆቹ ጠዋት ከርዳታ የመጣ ብስኩት ይታደል ነበር። ይህ ልጅ ድርሻውን ሳይበላ በብብቱ ይሸሽጋል፤ አንድ ቀንም የጎረቤቱን ድርሻ ደርቦ ወሰደ። እኔም ሥርዓት ላስተምር ብዬ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት አቆምሁትና ልብሱን አራገፍሁ። ከልብሱም ውስጥ የሻገተ ብስኩት ወደቀ። ልጆቹ «ሌባ! ሌባ!» እያሉ ጮኹ፤ እኔም አላስቆምኋቸውም። ልጁ አላለቀሰም። አጎንብሶ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀመና ወጣ። በማግሥቱ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ ከቶ አልመጣም። ቤቱ ድረስ ሄጄ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ አልሄድሁም። ከጥቂት ወራት በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ሌላ ሠፈራ እንደ ተዛወረ ሰማሁ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ያስተዋልሁት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ብስኩቱ ሻግቶ መገኘቱ ነው። ስለ ሆዱ የሚሰርቅ ሰው የሰረቀውን ይበላል። ይህ ልጅ ግን ሳይበላ አስቀምጦ ነበር። ምግብ ነገ የማይገኝበትን ጊዜ ስላየ፣ ዛሬ በእጁ ያለውን ለነገ ሲጠብቅ ነበር እንጂ ሌላ አሳብ አልነበረውም። የሻገተው ብስኩት ይህን ሁሉ በግልጥ ይመሰክር ነበር፤ እኔ ግን ስለ ሥርዓት ብቻ ስለ ተቈጣሁ ምስክሩን አልሰማሁትም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አዲስ አበባ ከልጄ ዘንድ መኖር ጀመርሁ። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ መዋዕለ ሕፃናት ታስተዳድራለችና «እትዬ፣ እቤት ከሚውሉ መጥተው ለልጆቹ ተረት ይንገሩልኝ» ብላ ስለ ለመነችኝ በሳምንት ሦስት ጠዋት እሄድ ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. አምስት ዓመት የሆናት አንዲት የሱዳን ልጅ ወደዚያ ቤት ገባች። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ገና ልጅ ስለ ሆነች ታሪኳን ለመንገርም ሆነ ላለመንገር ወደ ፊት ራሷ ትወስን።

በካርቱም ጦርነቱ የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ለእኛ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ለእነርሱም የረመዳን ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን የቀረው ነበር። እናትና ልጅ በገዳሪፍ በኩል አድርገው፣ ገላባትን አልፈው በመተማ ገቡ፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጡ። አባቷና አያቷ ግን እዚያው ቀርተው ነበር።

እኛና ሱዳኖች በዚህ ነገር የቆየ ብድር አለብን። በ1970ዎቹ ዓመታት ከጦርነትና ከረኃብ የሸሸ ብዙ መቶ ሺህ የአገራችን ሰው በሱዳን ተጠልሏል። በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው የኡም ራኩባ መጠለያ በዚያ የረኃብ ዘመን ኢትዮጵያውያንን የተቀበለ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በሆነ ጊዜም እንደገና ተከፍቶ የሸሹትን ተቀብሏል። የአክስቴ ልጅም በ1970 ዓ.ም. በእግሩ ተጕዞ ገዳሪፍ ሲደርስ አንዲት የማያውቃት ሴት ኪስራና ፉል አብልታ በደጇ እንዳሳደረችው እስኪሞት ድረስ ያወራ ነበር። እንግዲህ ያች ሕፃን ወደ እኛ ስትመጣ ለብድር መመለሻ የሚሆን ዕድል ይዛልን መጣች ማለት ነው።

ሕጉም ቢሆን በሩን ከፍቶላታል። አዋጅ ቍጥር 1110/2011 ስደተኛ ልጆች በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከአገሩ ልጆች ጋር እኩል እንዲስተናገዱ ያዝዛል። ነገር ግን ሕግ እስከ ደጃፍ ድረስ ነው የሚያመጣት፤ ከደጃፉ ወዲህ ያለው ሥራ የመምህርቷና የሞግዚቷ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አበላሸነው። በብዙ መዋዕለ ሕፃናት እንደ ልማድ የሚደረግ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሕፃኑን በአሻንጉሊት አታልሎ እናቲቱን በጓሮ በር ማስወጣት ነው። ይህንኑ አደረግን። ልጅቱ ዞር ብላ እናቷን ባጣች ጊዜ አልጮኸችም፤ ወደ ውጭው በር ሄዳ ግንባሯን ከቆርቆሮው ላይ አስደግፋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ቆመች። ሞግዚቶቹ «ደህና ልጅ ናት፤ አታስቸግርም» አሉ። እኔ ግን ያልጮኸችው መጮኽ እንደማይጠቅም ስለ ተማረች መሆኑን ጠረጠርሁ። አባቷን በአንድ ሌሊት ያጣች ልጅ እናቷንም ሳትሰናበታት ስትጠፋባት ምን ልታስብ ትችላለች? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በአንድ ቀን ያፈሰስነውን ለመልቀም ብዙ ሳምንት ፈጀብን።

በማግሥቱ አስተዳዳሪዋን «ልጄ፣ ከመነሻው እንጀምር» አልኋት። በሱዳን ብዙ ዓመት ኖሮ የተመለሰ የሠፈራችን ባለ ሱቅ አስተርጓሚ ሆኖልን ከእናቲቱ ጋር ተነጋገርን። እናቲቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከልጇ ጋር በክፍሉ ውስጥ እንድትቀመጥ፣ ከዚያም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለች እንድትርቅ፣ ስትሄድም በግልጥ ተሰናብታና የምትመለስበትን ሰዓት ተናግራ እንድትሄድ፣ ከተናገረችውም ሰዓት አንዲት ደቂቃ እንዳትዘገይ ተስማማን። ሱዳናውያን ሴቶች የሚለብሱት ቶብ የሚባል ረጅም ልብስ አለ። እናቲቱ ካረጀ ቶቧ አንድ ቁራጭ ቀዳ ለልጇ ሰጠቻት። ልጅቱም ያን ጨርቅ በእጇ ጨብጣ ትውል ነበር። አንዲት ሞግዚት «ያቆሽሻታል» ብላ ልትወስድባት ስትል ከለከልኋት።

ከእናቲቱ የተማርነው ይህን ብቻ አይደለም። ስለ ሥጋ ጠየቅናት፤ እንደምታውቁት በአገራችን ክርስቲያንና እስላም አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላምና፣ ልጅቱ ሳታውቀው ልማዷን የሚያስጥል ነገር እንዳይቀርብላት ተጠነቀቅን። የልጅቱንም ስም አጠራር አስተማረችን። በስሟ ውስጥ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ስላለ ሞግዚቶቹ ከበዳቸውና «በቀላል ስም እንጥራት» አሉ፤ ልጆቹም «ሱዳኗ» ይሏት ጀምረው ነበር። እኔ ግን በተሳሳተ ስም የኖርሁትን አራት ዓመት አስታውሼ እሺ አላልሁም። ሁላችንም ትልልቆቹ ሴቶች በእናቲቱ ፊት ተሰልፈን ስሟን እስክናስተካክል ድረስ ደጋገምነው። እናቲቱ ካገሯ ከወጣች ወዲህ ስትስቅ ያየናት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ነገር የበሩ ድምፅ ነበር። የግቢው በር ቆርቆሮ ስለ ነበረ ሲዘጋ ይጮኻል። በጮኸ ቍጥር ልጅቱ ከጠረጴዛ ሥር ትገባለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰማ ጆሮም ቆርቆሮውን ከመድፉ ለመለየት ጊዜ ያስፈልገዋል። መፍትሔው ግን ቀላል ነበር። ዘበኛው ካረጀ የመኪና ጎማ ቁራጭ ቈርጦ በበሩ ክንፍ ላይ ቸነከረበትና ድምፁ ጠፋ። ለእንግዳ ሕፃን የሚደረግ ርዳታ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ያለ አነስተኛ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚፈራውን ነገር ቆሞ ያላየ ሰው አያገኘውም።

ከዚህ በኋላ ቀኑን ሥርዓት አስያዝንላት። ውኃን፣ ሽንት ቤትን፣ ምግብን፣ እንቅልፍንና እናትን የሚያሳዩ ሥዕሎች በካርቶን ላይ ሣልን፤ በየቀኑ በተራቸው በገመድ ላይ ሰቀልናቸው። የመጨረሻው ሥዕል ሁልጊዜ እናት ነበረች። ደግሞም ሁሉም ሞግዚት በየተራው ከሚያቅፋት ይልቅ አንዲት ሞግዚት ብቻ እንድትይዛት አደረግን።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ከራሴ አላመነጨሁትም። አና ፍሮይድ የምትባል ሴት በ1938 በፈረንጆች አቈጣጠር ናዚዎች ኦስትርያን በያዙ ጊዜ ከቪየና ወደ ለንደን ተሰደደች። ራሷ ስደተኛ የሆነችው ይህች ሴት ጀርመን ለንደንን በቦምብ ትደበድብ በነበረበት ጊዜ ከዶሮቲ በርሊንግሃም ጋር ሆና ለጦርነት ሕፃናት ማሳደጊያ ከፈተች። በዚያም ያስተዋለችው ነገር ብዙ ሰዎችን አስደነቀ፤ ይኸውም ሕፃናቱን ከቦምቡ ይበልጥ የጐዳቸው ከእናታቸው መለየታቸው መሆኑ ነው። በመጀመሪያ ሕፃናቱ በጅምላ ይያዙ ነበር። በኋላ ግን ጥቂት ጥቂት ሆነው እንደ ቤተ ሰብ ተመድበው እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ሞግዚት ኖረችው። መጀመሪያ ላይ ቅናትና ልቅሶ በዛ፤ ከዚያ ግን ንግግራቸውና ጠባያቸው ፈጥኖ ማደግ ጀመረ። ሕፃን በብዙ ሰዎች በጥቂቱ ከመወደድ ይልቅ በአንድ ሰው አጥብቆ መወደድ ይጠቅመዋል።

የልጅቱ ዝምታ ግን ብዙዎችን ያስጨንቅ ነበር። ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ እንኳ ከእኛ ጋር አንድ ቃል አልተናገረችም። አንዲት ሞግዚት እናቲቱን «እቤት በአማርኛ ብቻ አናግሪያት» ብላ መከረቻት። ይህ ስሕተት ነው። እናት ልጇን ባልተካነችው ቋንቋ እንድታናግር ማድረግ የቀራቸውን አንድ ቤት መውሰድ ነው። ልጅቱ ከእናቷ ጋር በዐረብኛ እንደምትጫወት እናቲቱ ነግራናለች፤ ስለዚህ ዝምታዋ ሕመም እንዳልሆነ ዐወቅን። አዲስ ቋንቋ የሚሰማ ሕፃን ብዙ ጊዜ ወራት ያህል ዝም ብሎ ጆሮውን ይሞላል። በቤትም በውጭም ዝም የሚል፣ እንቅልፍ ያጣ ወይም ምግብ እንቢ ያለ ልጅ ግን ለሐኪም መታየት አለበት፤ ትዕግሥት ማለት ችላ ማለት አይደለምና።

እኔም የማውቀውን አንድ ዘዴ ያዝሁ። ትንሽ ሰፌድና ምስር ከቤቴ ይዤ እየሄድሁ ከአጠገቧ በርጩማ ላይ እቀመጥ ነበር። አልጠይቃትም፤ አላባብላትም። በሦስተኛው ሳምንት እጇ ወደ ሰፌዱ መጣ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሞግዚቷ ወደ እኔ መጥታ «እማማ፣ ይህን ይመልከቱ» ብላ የልጅቱን ቦርሳ ከፈተችልኝ። ስድስት ሰባት ቁራሽ ዳቦ በውስጡ ተሸሽጎ ነበር፤ አንዳንዱም ሻግቶ ነበር። እግሬ ከዳኝና ተቀመጥሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለፈው ነገር ዛሬ የተደረገ ያህል ከፊቴ ቆመ። ሞግዚቷ «ምን እናድርጋት?» አለችኝ። «ምንም አናደርጋትም፤ ሳታይ የሻገተውን ብቻ አውጥተን ትኩሱን እንተውላት» አልኋት። በማግሥቱም ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ ገዝቼ ወሰድሁላት። ከምሳ በኋላ በየቀኑ አንድ ሙሉ ዳቦ በፊቷ ሙዳዩ ውስጥ እየገባ እንድትወስደው አደረግን፤ የእርሷ መሆኑንም በምልክት አስረዳናት። መጀመሪያ ላይ በሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ክዳኑን እየከፈተች ታይ ነበር። ከዚያ ሦስት ጊዜ ሆነ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀን ሙዳዩን ረስታው ሄደች። ያን የተረሳ ሙዳይ አቅፌ አለቀስሁ፤ ግማሹ ልቅሶዬ የደስታ ነበር፤ ግማሹ ግን ለዚያ ለወሎው ልጅ ነበር።

ስለ ጨዋታዋም ልንገራችሁ። ብሎኬት የሚመስሉትን የእንጨት መጫወቻዎች በጨርቋ ትቋጥርና ከክፍሉ አንድ ማዕዘን ወደ ሌላው ማዕዘን ትጐትታለች፤ እዚያ ስትደርስ ታስቀምጣለች፤ እንደገና አንሥታ ትመለሳለች። ይህን ለብዙ ሳምንት በየቀኑ አደረገችው። አንዳንዱ ሞግዚት «ሌላ ጨዋታ እናሳያት» አለ። እኛ ግን መንገዱን ጥርጊያ አድርገን ተውንላት። ያየችውንም አልጠየቅናትም። አንድ ጊዜ ቤቱን ሊጐበኙ የመጡ ሰዎች «ጦርነቱን አይታለች? ምን ትላለች? በዐረብኛ ትዘምርልንና ፎቶ እናንሣት» አሉ። አስተዳዳሪዋ በትሕትና እንቢ አለች። ወጣቶች ሆይ፣ በኪሳችሁ ፎቶ የሚያነሣ ስልክ ይዛችሁ ስትዞሩ ይህን አስቡ፤ የሕፃን ኀዘን የእኛን ደግነት ለማሳየት የሚሰቀል ሥዕል አይደለም። በየካቲት ወር አንድ ቀን ልጅቱ ወደ ማዕዘኑ ከደረሰች በኋላ ጨርቁን ፈታች፤ እንጨቶቹን ሦስት ጉልቻ አድርጋ ጐለተችና በላዩ ክዳን አስቀመጠች። የደረሰች መሰላት ማለት ነው።

ከትልልቆቹ ይልቅ ግን የረዳት አንድ ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ማንም ሳያዝዘው በየቀኑ ከአጠገቧ አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ የራሱን ጉድጓድ ይቈፍር ነበር። አይነጋገሩም። ከጊዜ በኋላ ሁለቱ ጉድጓዶች ተገናኙ። እኛ መምህራን በትምህርትና በምክር የምንደክምበትን ነገር እርሱ በመቀመጥ ብቻ ፈጸመው።

በመጋቢት መጀመሪያ ምስር እየለቀምን ሳለን ልጅቱ ቀና ብላ «ሐቦባ፣ ሞያ» አለችኝ። ሞያ ስትል ስለ ሴት ሞያ የምትነግረኝ መስሎኝ ግራ ተጋባሁ። እርሷም በትዕግሥት ተነሥታ ወደ ገመዱ ሄደችና የውኃውን ሥዕል አመለከተችኝ። ውኃ አጠጣኋት። እናቲቱ ስትመጣ የመጀመሪያው ቃል ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋት። ዐይኗ እንባ ሞላና «በእኛ አገር ሴት አያት ሐቦባ ትባላለች» ብላ በባለ ሱቁ አፍ ነገረችኝ። ብዙ ደስ አለኝ። በማግሥቱ ሌላ ቃል ልሰማ ጓጕቼ ሄድሁ፤ ልጅቱ ግን ቀኑን ሙሉ ዝም አለች። ያን ጊዜ ራሴን ገሠጽሁት። ሕፃን ለደግነታችን ደረሰኝ እንዲሰጠን መጠበቅ የለብንም። ፈገግታዋን፣ ንግግሯን፣ ምስጋናዋን የምንጠብቅ ከሆነ ሥራችን ለእርሷ ሳይሆን ለራሳችን ሆነ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምመክራችሁ ይህ ነው። እንግዳ ሕፃን ወደ ቤታችሁ፣ ወደ ክፍላችሁ ወይም ወደ ሠፈራችሁ ሲመጣ በመጀመሪያ ስሙን አስተካክላችሁ ጥሩት። ሁለተኛ፣ የነገራችሁትን ሰዓትና ቃል ጠብቁለት፤ ብዙ ነገር የፈረሰበት ልጅ የሚያምነው የሚደጋገመውን ነው። ሦስተኛ፣ ጠባዩ የከፋ በመሰላችሁ ጊዜ ከመቅጣታችሁ በፊት ምን ፈርቶ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ። አራተኛ፣ እናቱን አክብሩ፤ ልጁን ከእናንተ ይልቅ ታውቀዋለችና። አምስተኛ፣ አትቸኩሉ፤ ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል።

ያች ልጅ ዛሬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ በአማርኛም ከእኔ ጋር ትከራከራለች። የወሎው ልጅ ግን ዛሬ በሕይወት ካለ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ሰው ነው፤ ምናልባትም የልጆች አባት ይሆናል። ይህ መጽሐፍ ከእጁ ይደርስ እንደ ሆነ አላውቅም። ቢደርስ ግን ያን ቀን ሌባ እንዳልነበረ፣ ጥፋቱም የመምህርቱ እንደ ነበረ ከመምህርቱ እጅ ተጽፎ እንዲያገኘው እፈልጋለሁ። እናንተም ልብሱን ከማራገፋችሁ በፊት ብስኩቱ ለምን እንደ ሻገተ ጠይቁ።